ከጋይንት ሰማይ በላይ የሚገለበጠው ጅረት

በጋይንት ካለችው አርብ ገበያ ሽቅብ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ አየሩ እጅግ የሳሳ ነው። በዚያ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን እየነጠቀ ፕላዝማ ይፈጥራል፤ ፕላዝማ ማለት የኤሌክትሮንና የአዮን ድብልቅ ነው። መግነጢሳዊ መስክ ባለበት ኤሌክትሮን እንዳሻው አይሄድም፤ አውድማ ላይ እንደሚያበራዩ በሬዎች የመስኩን መስመር ይዞራል። በኢትዮጵያ ሰማይ ዙሩ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ይጠጋል። በክብደት አሥር ሺዎች እጥፍ የሚበልጠው አዮን ግን አንድ ዙር ሳይጨርስ ከአየር ሞለኪውል ጋር ይላተማል።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በመግነጢስ ወገብ ላይ ነው። መስመሩ ኢትዮጵያን ያቋርጣል፤ እዚያ የምድር መስክ ሳያዘነብል ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጋድሞ ያልፋል። ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ ያቀናው የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኖችን ወደ ላይ ይገፋል። አዮኖቹ ባሉበት ስለሚቀሩ የኤሌክትሪክ ሙሌቱ ላይና ታች ይለያያል፤ ከዚህ የሚወለደው ብርቱ መስክ ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ምዕራብ ይነዳል። የኤሌክትሪክ ጅረት አቅጣጫ የሚቆጠረው በኤሌክትሮን ጉዞ ተቃራኒ ነውና ጅረቱ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። የጂኦፊዚክስ ተመራማሪው ሲድኒ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1951 ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ብለው ሰየሙት።

በ1957 እና በ1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አዲስ አበባ ተፈላጊ የሆነችው ለመግነጢስ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። የኦብዘርቫቶሪው መሣሪያ ኤሌክትሮኖቹን አያይም፤ ጅረታቸው መሬት ላይ ባለው መስክ የሚያደርሰውን ለውጥ ግን ይመዘግባል። በተለመደው ቀን የመስኩ አግድም ኃይል ወደ እኩለ ቀን እየጨመረ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ግን መዝገቡ ከሌሊቱ ልክ እንኳ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሌላ ሰው የመሣሪያ ስሕተት ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። አባ ጉዋን ግን በ1962 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙት፤ በ1967 ማዮ ከተባሉ ተመራማሪ ጋር ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ጅረቱ ወደ ምዕራብ እንደሚገለበጥ አመለከቱ። ክስተቱ ዛሬም የሚታወቀው ያኔ በተሰጠው ስም፣ ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት ተብሎ ነው። በአዲስ አበባ መዝገብ ላይ የተነበበ ይህን የሚያህል ግኝት በአገሩ በብዛት አለመነገሩ ያስቆጫል።

ኤሌክትሮንን ከሰማይ በላይ በመስኩ መስመር ዙሪያ የሚያዞረው ሕግ በሬዲዮ ሞገድ ፕላዝማ በሚያመነጩ የቤተ ሙከራ መሣሪያዎችም ይሠራል። መስኩ ኤሌክትሮኑን እያዞረ ከዕቃው ግድግዳ ያርቀዋል፤ በመሣሪያው ውስጥ በቆየ ቁጥር ብዙ ጋዝ ወደ አዮን ይለውጣል። የሞገዱ ድግግሞሽ ከዙሩ ጋር ሲገጥም ኤሌክትሮኑ በየዙሩ ጉልበት ይጨምራል። በ2.45 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይህ የሚሆነው በ875 ጋውስ መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሰማይ መስክ 2,000 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።