ከቁፋሮ የሚቀድም ስሌት፦ የከርሰ ምድር ውኃ በኤሌክትሮማግኔት መስክ እንዴት ይፈለጋል?

የድሬዳዋ ከተማ የመጠጥ ውኃ የሚቀዳው ከከርሰ ምድር ነው። አሸዋማው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደርቆ ስለሚቆይ፣ የከተማው ነዋሪም ሆነ የገጠር ቀበሌዎች አርሶ አደርና አርብቶ አደር ተስፋቸውን የሚጥሉት እንደ ሳቢያን ባሉ የጉድጓድ ሥፍራዎች ላይ ነው። ይሁንና ጥልቅ ጉድጓድ ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል፤ ውኃ ካልተገኘበት ገንዘቡም ጊዜውም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ምድሩን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

ልኬቱ እንዴት ይካሄዳል?

ባለሙያዎች በመሬት ላይ ሰፊ የሽቦ ቀለበት ዘርግተው ኮረንቲ ካሳለፉበት በኋላ በድንገት ያቋርጡታል። በዚያች ቅጽበት በመሬቱ ውስጥ ሌላ ኮረንቲ ይፈጠርና እየሰፋና እየደከመ ወደ ታች ይዘልቃል። መሣሪያው ይህን መዳከም በሰከንድ ሽራፊዎች ይመዘግባል። ቀድሞ የሚመዘገበው ምልክት ስለ ላይኛው አፈር፣ ዘግይቶ የሚመዘገበው ስለ ጥልቁ አለት ይናገራል። ምልክቱ በደረቅ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ውኃ ባዘለ ንብርብር ውስጥ ግን ይዘገያል።

የኮምፒውተሩ ድርሻ

የተመዘገበው ቁጥር ብቻውን ውኃን አያሳይም። ባለሙያው የምድሩን አቀማመጥ በግምት ያስቀምጣል፤ ኮምፒውተሩ ምድሩ እንዲያ ቢሆን ሊገኝ የሚገባውን ምልክት ያሰላል። ስሌቱ ከልኬቱ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ግምቱ ይታረማል።

የስሌቱ መሠረት ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተሙት የኤሌክትሮማግኔት ንድፈ ሐሳብ ነው። ኬን ዪ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ዘዴ፣ የሚጠናው ሥፍራ በትናንሽ ኪዩቦች፣ ጊዜውም በአጫጭር እርምጃዎች ይከፋፈላል። የኤሌክትሪኩ መስክ በኪዩቡ ጠርዞች፣ የማግኔቱ መስክ በገጾቹ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ከሌላው በግማሽ እርምጃ ልዩነት እየተፈራረቀ ይሰላል። ዋንግ እና ሆማን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህንኑ አደራደር ለከርሰ ምድር ልኬት ስሌት ተጠቅመውበታል።

ትክክለኛነት ዋጋ አለው። የኪዩቡ ጎን በግማሽ ሲያንስ የኪዩቦቹ ብዛት 8 እጥፍ ይሆናል። በመነሻው ዘዴ የጊዜው እርምጃም አብሮ በግማሽ ማጠር ስላለበት፣ ጠቅላላው ሥራ 16 እጥፍ ይደርሳል። እርምጃው ከተፈቀደው ወሰን ካለፈ ስሌቱ ይናጋል፤ ውጤቱም ትርጉም ያጣል።

ጥንቃቄ የሚያሻው

ሸክላ አፈርና ጨዋማ ውኃም ኮረንቲን በደንብ ያስተላልፋሉ። ስለሆነም ስሌቱ «እዚህ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ንብርብር አለ» ይላል እንጂ «የሚጠጣ ውኃ አለ» አይልም። የቀበሌ የውኃ ኮሚቴዎች የጥናት ውጤት ሲቀርብላቸው ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል፦ በአካባቢው ያሉ ጉድጓዶች መረጃ ተመሳክሯልን? የአለቱ ዓይነት በሥነ ምድር ባለሙያ ታይቷልን? ልኬቱስ ከአንድ በላይ በሆኑ ነጥቦች ተደግሟልን?