በድምፅ የተሠራ ትምህርት ቤት

በታክሲ ሥራ የምንተዳደር አባላት በደጃፉ ስለምንመላለስበት አንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ጥቂት ልናወጋችሁ ወደድን። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአውበርን ጎዳና በስተሰሜን፣ በጆን ዌስሊ ዶብስ ጎዳና የሚገኘው የዴቪድ ቲ. ሃዋርድ ትምህርት ቤት በ1923 ለጥቁር ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትነት ተሠራ። ስሙን ያገኘው ከአቶ ዴቪድ ሃዋርድ ነው። እኚህ ሰው በባርነት ተወልደው፣ ኋላ በቀብር አገልግሎት ሥራ ሀብት ያፈሩና ለትምህርት ቤቱ መሬት የሰጡ ናቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በልጅነታቸው እዚህ ተምረዋል።

ይሁን እንጂ ሕንፃው በችሮታ ብቻ አልመጣም። በዚያ ዘመን የአትላንታ ጥቁር ልጆች በተጨናነቁ ክፍሎች በፈረቃ ይማሩ ነበር። ፈረቃን ከእኛ ወዲያ ማን ያውቀዋል! በ1917 የከተማው ትምህርት ቦርድ ለነጮች ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማግኘት የጥቁሮችን 7ኛ ክፍል ሊዘጋ አሰበ። ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች ተቃውመው አስቆሙት፤ ኤንኤኤሲፒ የተባለው የመብት ማኅበር የአትላንታ ቅርንጫፍም በዚያው ዓመት ተቋቋመ።

በጆርጂያ ጥቁሮች በዴሞክራቲክ ፓርቲ የዕጩዎች ምርጫ እንዳይሳተፉ ቢታገዱም፣ ከተማው ለግንባታ ገንዘብ ለመበደር ሲፈልግ በሚደረገው ሕዝበ ውሳኔ ግን ድምፅ ነበራቸው። በ1919 ለልጆቻቸው ድርሻ ስላልተመደበ ብድሩን በድምፃቸው ጣሉት። በ1921 ለጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ገንዘብ እንደሚመደብ ቃል ሲገባላቸው ደገፉት። በዚያ ገንዘብ ነው ትምህርት ቤቶቹ የተሠሩት።

ሃዋርድ በ1940ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ሆነ። በ1973 የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ሜናርድ ጃክሰን የተማሩት እዚያ ነው፤ ተራ ይዘን ተሳፋሪ የምንጠብቅበት አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ የእሳቸውንም ስም ይዟል። ጎዳናው የተሰየመባቸው ጆን ዌስሊ ዶብስ፣ ጥቁሮችን ለመራጭነት በማስመዝገብ የደከሙት፣ አያታቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱ በ1976 ተዘግቶ ለብዙ ዓመታት ባዶውን ከቆየ በኋላ፣ በ2020 መካከለኛ ደረጃ ሆኖ ተከፈተ።

ይህን ስንጽፍ እኛም ማፈራችን አልቀረም። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ እኛ ተራ ላይ ነን፤ ልጆቻችን የሚያመጡት ደብዳቤ ሳይፈረም ይከርማል። ዜግነት ካገኘን ወገኖች መካከልም ለፕሬዚዳንት ምርጫ ተሰልፈን የትምህርት ቦርዱን ምርጫ የምንዘነጋ ብዙዎች ነን። የዚያን ጊዜ ወላጆች ከእኛ ያነሰ መብት ነበራቸው፤ ያቺን ያለቻቸውን ግን በኅብረት ተጠቀሙባት። እንግዲህ በመጪዎቹ አሥር ዓመታት ማኅበራችን እድርና በዓል ከማሰናዳት አልፎ፣ ወላጆችን በተራ ወደ ትምህርት ቤት ስብሰባ የሚልክ እንዲሆን አደራ እንላለን።