የስቴሪዮ ስፒከሮች የድምፅ ጥራት ንጽጽር

የስቴሪዮ ስፒከሮች የድምፅ ጥራት ንጽጽር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ የቤት ስፒከሮች የተቀዳን ድምፅ ምን ያህል ሳያዛቡ እንደሚያሰሙ በመሣሪያ በመለካትና በጆሮ በማዳመጥ የሚለይበት መንገድ ነው። ስፒከር ወይም ድምፅ ማጉያ የኤሌክትሪክ ሞገድን ወደ ድምፅ ሞገድ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በአንድ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው እሱ ነው። ዋጋቸው አነስተኛ በሆነ ስፒከሮች ላይ ንጽጽሩ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በእኩል ዋጋ የሚሸጡ ሁለት ስፒከሮች በድምፅ እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋት ቁጥርም ስለ ድምፁ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም።

አሠራር

በዛሬ ቤቶች የሚገኙት አብዛኞቹ ስፒከሮች የሚሠሩት ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች በ1925 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ንድፍ መሠረት ነው። በማግኔት መካከል የተቀመጠ የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከሽቦው ጋር የተያያዘው ኮን ደግሞ አየሩን እየገፋ ድምፅ ይፈጥራል።

በዋጋ አነስተኛ የሆነው የተለመደው የቤት ስፒከር ሁለት ክፍሎች አሉት። ዉፈር የሚባለው፣ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ13 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው፣ ወፍራሙንና መካከለኛውን ድምፅ ያወጣል። ትዊተር የሚባለው፣ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ትንሽ ክፍል፣ ቀጭኑን ድምፅ ያወጣል። ክሮስኦቨር የተባለው የኤሌክትሪክ ክፍል ድምፁን አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ለሁለቱ ያከፋፍላል። የሰው ድምፅና የብዙ የሙዚቃ መሣሪያዎች ድምፅ በዚህ መጋጠሚያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ርካሽ የሆነ ክሮስኦቨር ጉድለቱ ቶሎ ይሰማል።

ሳጥኑም የስፒከሩ አካል ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር በታሸገ ሳጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ ስፕሪንግ በመጠቀም፣ ቀድሞ ትልቅ ቁም ሳጥን የሚጠይቀውን ቤዝ በመደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ስፒከር ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያም ኔቪል ቲል በ1961 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ የሳጥኑ መጠን ከዉፈሩ ባሕርይ ጋር እንዴት እንደሚስማማ በሒሳብ ማስላት ተቻለ። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ ስፒከር ጥሩ ድምፅ ሊኖረው የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ስሌት ለማንኛውም አምራች ክፍት መሆኑ ነው።

የሚለኩ ነገሮች

የድግግሞሽ ምላሽ፦ የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ጥሩ ስፒከር በዚህ ክልል ውስጥ አንዱን ድምፅ ከሌላው ሳያስበልጥ በእኩል ያሰማል። ይሁን እንጂ «ከ50 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ትርጉም የለውም። ድምፁ በ50 ኸርዝ ላይ በ3 ዴሲቤል ብቻ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ በ10 ዴሲቤል ቀንሶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን «±3 ዴሲቤል» የሚል የልዩነት ወሰን መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

ሴንሲቲቪቲ፦ ስፒከሩ 1 ዋት ያህል ኃይል ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ ያሳያል። ድምፁን በ3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት፤ በ10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ አሥር እጥፍ። ለምሳሌ ሴንሲቲቪቲው 84 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር 100 ዋት ቢሰጠው፣ 90 ዴሲቤል የሆነው ደግሞ 25 ዋት ብቻ ቢሰጠው፣ ሁለቱም በ1 ሜትር ርቀት ላይ በግምት 104 ዴሲቤል ያወጣሉ። በካርቶን ላይ የተጻፈው ዋት ስፒከሩ ሊሸከመው የሚችለውን ኃይል እንጂ የድምፁን ጉልበት ወይም ጥራት አያመለክትም።

ኢምፒዳንስ፦ በኦም ይለካል። 4 ኦም የሆነ ስፒከር 8 ኦም ከሆነው ይልቅ ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ከረንት ይስባል፤ አቅሙ ደካማ የሆነ አምፕሊፋየርን ሊያግል ይችላል።

መዛባት፦ በቅጂው ውስጥ ያልነበረ ድምፅ ስፒከሩ ሲጨምር የሚከሰት ነው። ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ሲወርድ፣ ለምሳሌ ከ100 ወደ 50 ኸርዝ፣ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ያለ ኮን እኩል ጉልበት ያለው ድምፅ ለማውጣት አራት እጥፍ ርቀት መንቀሳቀስ አለበት። ትንሽ ዉፈር ድምፁ ከፍ ሲደረግ ቶሎ የሚያንኮራኩረው በዚህ ምክንያት ነው።

የድምፅ ስርጭት፦ አድማጭ የሚሰማው ከስፒከሩ ፊት ለፊት የሚመጣውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣሪያ ተመልሶ የሚመጣውንም ጭምር ነው። ስለዚህ ወደ ጎን የሚወጣው ድምፅ ፊት ለፊት ከሚወጣው ጋር መመሳሰል ይኖርበታል። ሲቲኤ 2034 የተባለው የአሜሪካ የመለኪያ ደረጃ ስፒከሩን በየ10 ዲግሪው በአግድምና በቁመት እየዞሩ በ70 አቅጣጫዎች መለካትን ይጠይቃል።

የሆፍማን ሕግ

ኬኤልኤች የተባለውን የአሜሪካ ስፒከር አምራች ካቋቋሙት ሦስት ሰዎች አንዱ በሆነው በአንቶን ሆፍማን ስም የሚጠራው ሕግ ስለ አንድ ምርጫ ይናገራል። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ እና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ በአንድ ስፒከር ላይ አብረው ሊገኙ አይችሉም፤ ከሦስቱ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይተዋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ ዋጋ በመጨመር አይታለፍም። ትንሽ ሆኖ ጥልቅ ቤዝም ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲም አለው ተብሎ የሚሸጥ ስፒከር ካለ፣ ከተጻፉት ቁጥሮች አንዱ መጠርጠር አለበት።

በጆሮ የሚደረግ ሙከራ

በ1980ዎቹ ፍሎይድ ቱል በኦታዋ በሚገኘው የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ ስፒከሮችን ከመጋረጃ ጀርባ በማስቀመጥ ለአድማጮች አሰማ። አድማጮቹ የስፒከሩን ስም፣ መጠንና ዋጋ በማያውቁበት ጊዜ፣ መስማታቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች ፍርድ በአብዛኛው ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ የመረጡትም በመለኪያ ድምፁ የተስተካከለውን ነበር።

በ1994 እ.ኤ.አ. ቱልና ሾን ኦሊቭ ባቀረቡት ሌላ ጥናት 40 ሰዎች አራት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ ሳያዩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እያዩ ሰምተው ነጥብ ሰጡ። ሳይታይ ጥሩ ነጥብ ያገኘው ትንሽና ርካሽ ስፒከር ሲታይ ነጥቡ ወረደ። የስፒከሩ ቦታ ሲቀየር የሚመጣውን የድምፅ ለውጥም አድማጮቹ እያዩ በሰሙ ጊዜ ብዙም አላስተዋሉትም። በሌላ አነጋገር፣ ዓይን ጆሮን አሳስቷል።

ኦሊቭ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ደግሞ 70 ስፒከሮችን በመጠቀም የአድማጮችን ምርጫ ከመለኪያዎቹ አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል አሳየ። በስሌቱ ውስጥ ድምፁ ወደ ቤዝ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚያሳየው መለኪያ ከጠቅላላው ክብደት 30 በመቶ ገደማ ድርሻ አለው። ትንንሽ ስፒከሮች ከትልልቆቹ ጋር ሲወዳደሩ የሚሸነፉት በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

በቤት ውስጥ ማነጻጸር

የምርምር ክፍል ባይኖርም ፍትሐዊ ንጽጽር ማድረግ ይቻላል። ዋና ዋናዎቹ ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

1. የሁለቱን ስፒከሮች ድምፅ እኩል ማድረግ። ጥቂት ጎላ ያለው ስፒከር ልዩነቱ ሳይታወቅ እንኳ «የተሻለ» መስሎ ይሰማል። በስልክ የድምፅ መለኪያ ፕሮግራም፣ ከአድማጩ መቀመጫ ላይ ሆኖ ማስተካከል ይቻላል።
2. ስፒከሮቹን በየተራ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ። ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙ ይጨምራል፤ ስለዚህ አንዱ ከግድግዳ ርቆ ሌላው ተጠግቶ ከተሰማ የሚነጻጸረው ቦታው ነው።
3. በመጀመሪያ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ስፒከር ብቻ መስማት። በስቴሪዮ ሲሰማ የሚደበቅ ጉድለት በአንድ ስፒከር ይጎላል።
4. የሚያዳምጠው ሰው የትኛው እንደሚጫወት እንዳያውቅ ሌላ ሰው እንዲቀያይር ማድረግ።
5. በደንብ የሚታወቅ ቅጂ መጠቀም። የሰው ንግግር የመካከለኛውን ድምፅ ጉድለት ቶሎ ያጋልጣል። የበገና ቅጂም ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ወፍራሙ የአውታሩ ድምፅ ዉፈሩን፣ እንዚራው የሚፈጥረው ንዝረት ደግሞ ትዊተሩንና መጋጠሚያውን አብሮ ይፈትናል።

የክፍሉ ተጽዕኖ

በቤዝ ክልል ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ከስፒከሩ ይልቅ ክፍሉ ሊወስነው ይችላል። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል በ43 ኸርዝ ገደማ ላይ የራሱ የድምፅ ሞገድ አለው፤ በዚህ ድግግሞሽ ቤዙ ግድግዳው አጠገብ ይበረታል፣ መሐል ክፍሉ ላይ ግን ይጠፋል። በመሆኑም በሱቅ ውስጥ ጥሩ ቤዝ የነበረው ስፒከር ቤት ሲገባ ሊለወጥ ይችላል። መቀመጫን ወይም ስፒከሩን ጥቂት ማንቀሳቀስ፣ ምንጣፍና መጋረጃ መጨመር ወጪው አነስተኛ ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ግን የሚቀንሱት የቀጭኑን ድምፅ ነጸብራቅ እንጂ ቤዙን አይደለም።