ጎማ ሻጮቹ ለምን መጽሐፍ አሳተሙ?

እ.ኤ.አ. በ1900 በመላው ፈረንሳይ የነበሩት መኪኖች 3 ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር። ወንድማማቾቹ አንድሬና ኤድዋር ሚሼሊን ደግሞ ጎማ አምራቾች ናቸው። መኪና በሌለበት ጎማ ለማን ይሸጣል?

ወንድማማቾቹ በኪስ የምትያዝ መጽሐፍ 35 ሺህ ያህል ቅጂ አሳትመው በነጻ አደሉ። ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ ቤንዚን፣ መካኒክና ማደሪያ የት እንደሚገኝ ትናገራለች። ረጅም ሐተታ ትታ በትንንሽ ምልክቶች ታሳያለች፤ መንገደኛ ገጽ ሲያገላብጥ አይውልምና። አሽከርካሪዎችም ያዩትን ጉድለት እንዲጽፉላቸው ጠየቁ። ደንበኛው አራሚ ሆነ።

በ1920 መጽሐፏን በ7 ፍራንክ መሸጥ ሲጀምሩ የሚከፈልበትን ማስታወቂያ ከውስጧ አወጡ። የማስታወቂያውን ገንዘብ ትተው የአንባቢውን እምነት መረጡ። በ1926 ለምግብ ቤቶች መስጠት የጀመሩት ኮከብ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው።

የዛሬው የእኛ ነጋዴ ከወረቀትም ከማተሚያ ቤትም የረከሰ መሣሪያ አለው፦ የቴሌግራም ቻናል። ብዙዎች ግን ፎቶ ለጥፈው ሥሩ «ዋጋ በኢንቦክስ» ብለው ይጽፋሉ። ገና ከበሩ ዋጋ የደበቀን ሻጭ ማን አምኖ ይገባል? የጎደለን መሣሪያ አይደለም፤ ለገዢው ግልጽ መሆን ነው።