«ኮንደንሰር» በአማርኛ ምን ይባል?

የዋድላ ስም በሊቃውንት ዘንድ የሚነሣው በቅኔው ነው፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ነውና። እኛ ግን ዛሬ ወደዚያው ደጋ፣ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ኮን የምንወጣው ስለ አረቄ ነው። አንባቢ ይታገሠን፤ ጉዳያችን የአንድ መሣሪያ ስያሜ ነው።

በኮን አካባቢም ሆነ በቀረው ደጋ አረቄ የምታወጣ ሴት ድፍድፉን በእንስራ ትጥዳለች፤ የክዳኑን ዙሪያ ትመርጋለች፤ ተኑም በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተነከረ ዕቃ ይገባል። በዚያ ሙቀቱን ለውሃው ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ውሃው ሲሞቅ ትለውጠዋለች፤ ያለዚያ ተኑ ሳይጠብ ያመልጣል። «አረቄ» የሚለው ቃል ራሱ በዓረብኛ ላብ ማለት ከሆነው «ዐረቅ» የመጣ ነው።

የአውሮፓም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን ተን ከሲሊንደሩ ውጭ በተለየ ዕቃ ወደ ውሃ መመለስን ያሰበው በ1765 እ.ኤ.አ. ነው። በ1834 ሳሙኤል ሆል ተኑና ቀዝቃዛው ውሃ ሳይቀላቀሉ በቧንቧ ግድግዳ ብቻ ሙቀት የሚለዋወጡበትን የመርከብ መሣሪያ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት ጄከብ ፐርኪንስ ተንን እየጨመቀ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ በለንደን አስመዘገበ። በትልልቅ የማቀዝቀዣ ተቋማት የሚገኘው ባለ ቧንቧ ኮንደንሰር የሁለቱን ሐሳብ ያጣመረ ነው። ውሃው በቧንቧዎቹ ውስጥ ይሄዳል፤ ተኑ በዙሪያቸው ባለው ዝግ ሲሊንደር ውስጥ ሆኖ በላያቸው ላይ ፈሳሽ ይሆናል። በኮን ተኑ ከውስጥ፣ ውሃው ከውጭ ነው፤ እዚህ ተገላቢጦሽ። የውሃው መሞቅ ግን ሁለቱንም ይጎዳል፤ በፋብሪካው ተኑ መውጫ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል።

ታዲያ ምን እንበለው? ብዙ ሰው «ማቀዝቀዣ» ይለዋል፤ እኔ ግን አልስማማም። ቅዝቃዜ የሚሰጠው ፈሳሹ ወደ ተን የሚለወጥበት ክፍል ነው፤ ይህኛው ሙቀት አስወጋጅ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩ፣ «ማቀዝቀዣው ተደፍኗል፣ ፍታው» የተባለ ሠራተኛ የትኛውን ይፍታ? ጋዝ በግፊት በታመቀበት ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ለሕይወት ያሰጋል።

«ኮንደንሰር» ብለን እንዳንተወውም ቃሉ ሁለት ጌታ አለው። ቮልታ በ1782 ለኤሌክትሪክ ዕቃ ሰጥቶታል፤ በቆዩ የቤንዚን መኪናዎች ማቀጣጠያ ውስጥ ያለችውንም ትንሽ ዕቃ መካኒኮች በዚሁ ስም ያውቋታል። ከግእዙ «ጠል» እንውሰድ ብንል «ማጥለያ» ይወጣል፤ እርሱ ደግሞ የሻይ ነው! የቀረን «ጤዛ» ነው፤ ከርሱም «ማጤዣ»። ቧንቧዎቹን የሚይዘውን ሲሊንደር «ቅርፊት» ማለት ተልጦ የሚጣል ያስመስለዋል፤ መጽሐፍ የሚከተትበትን «ማኅደር» ብንወስድለት ይሻላል፤ «ባለ ማኅደር ማጤዣ» እንዲባል።

«አጤዘ» የሚል ግስ በአፍ አልተለመደም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስለዚህ ቃል ሰብሳቢ ወደ ኮን ሲወጣ ከቅኔ ቤቱ ቀጥሎ ከአረቄ አውጪዋ ምድጃ አጠገብ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ የምትለውን ግስ ይመዝግብ። የተሻለ ከተገኘ «ማጤዣ»ን እተዋለሁ።