ከአጥንት መቅኒ ውጭ የሚያገረሽ የደም ካንሰር

የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ከሕክምና በኋላ ሲያገረሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ደም በሚመረትበት የአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ የመቅኒና የደም ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ በሽታው በሌላ የሰውነት ክፍል ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ።

የት ይሸሸጋል?

በሕፃናት ላይ በብዛት በሚከሠተው አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ፣ ዋነኞቹ መሸሸጊያዎች አንጎልና ኅብለ ሰረሰር፣ በወንዶች ደግሞ የዘር ፍሬ ናቸው። እነዚህን አካላት ከጎጂ ነገሮች የሚጠብቃቸው የተፈጥሮ አጥር ብዙዎቹን የካንሰር መድኃኒቶችም ያግዳል። ማሳው ታርሞ በድንበሩ ሥር የቀረ አረም ዘሩን መልሶ እንደሚበትን ሁሉ፣ በዚያ የተረፉ ሕዋሳትም ውለው አድረው ይራባሉ። አልፎ አልፎ በዐይን፣ በጡትና በእንቁላል ማምረቻ ላይም ይታያል።

አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ደግሞ በቆዳ፣ በድድ ወይም በአጥንት ላይ ማይሎይድ ሳርኮማ የተባለ እብጠት ሊያስከትል ይችላል። ይህ ከመቅኒ ንቅለ ተከላ በኋላም ያጋጥማል።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የበርካታ ሕፃናት መቅኒ ከጸዳ በኋላ በሽታው በአንጎል ሽፋን ያገረሽ ነበር። በአሜሪካ ሜምፊስ በሚገኘው ሴንት ጁድ ሆስፒታል ዶክተር ዶናልድ ፒንክልና ባልደረቦቻቸው፣ የጭንቅላት ጨረርንና በጀርባ አጥንት መካከል የሚሰጥ መድኃኒትን ከሌላው ሕክምና ጋር በማጣመራቸው ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ለመዳን በቁ። ዛሬ ለአብዛኞቹ ሕፃናት በጀርባ የሚሰጠው መድኃኒት ጨረሩን ተክቷል።

ምልክቶቹ

የማያቋርጥ ራስ ምታት፣ የጠዋት ትውከት፣ የፊት መጣመም፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ የማይድን የቆዳ እብጠት፣ እንዲሁም የአንዱ ዘር ፍሬ ሕመም አልባ ማበጥ ወይም መጠጠር ይጠቀሳሉ። የመጨረሻው ስለማያምም፣ ልጆችም ስለሚያፍሩ፣ ሳይነገር ይቆያል። ምልክቶቹ በሌላ ሕመምም ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ቁርጡ የሚታወቀው ከጀርባ በሚቀዳ ፈሳሽ ወይም ከእብጠቱ በሚወሰድ ናሙና ምርመራ ነው።

ሕክምናው

እብጠቱን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ በሽታው ተከትሎ በመቅኒ ስለሚመለስ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋል። እንደ ሁኔታው ጨረር ወይም ንቅለ ተከላ ይታከላል።

የሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ሕክምና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ልጁ ስለበረታ፣ መንገዱ ስለራቀ ወይም አዝመራው ስለደረሰ መድኃኒቱን ማቋረጥ ለማገርሸት በር ይከፍታል። ወላጆች የቀጠሮ ቀንን ሊያከብሩ፣ አዲስ እብጠት ሲያዩም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ሊሄዱ ይገባል።