ካርትሪጁ ቢቀመጥ ጨዋታው ተቀመጠን?

መጽሐፍ ወረቀቱ ሳይበላሽ ከቈየ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ ያነበዋል። የቪዲዮ ጨዋታ ግን ያለ መሣሪያው ሥዕልም ድምፅም የለውም። ይልቁንም አራት ሰዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው እንዲጫወቱት የተሠራውን ዓይነት ለትውልድ ማቈየት ምን ያህል አዳጋች እንደ ሆነ የ«ማሪዮ ፓርቲ» ታሪክ ያስረዳል።

የጃፓኑ ኒንተንዶ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያቀረበው «ኒንተንዶ 64» አራት የመቈጣጠሪያ መሰኪያዎች ነበሩት። ከእርሱ አስቀድሞ ከወጡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሁለት ብቻ ስለ ነበራቸው፣ አራት ሰው ለማጫወት ተጨማሪ ዕቃ መግዛት ግድ ነበር። በ1998 በሀድሰን ሶፍት የተሠራው «ማሪዮ ፓርቲ» ወጣ፤ ይኸውም ተጫዋቾች ዳይስ እየጣሉ በገበታ ላይ የሚራመዱበት፣ በየዙሩ ፍጻሜም በአጫጭር ውድድሮች የሚፎካከሩበት ነው። ከውድድሮቹ ጥቂቶቹ የመቈጣጠሪያውን ዘንግ በፍጥነት ማሽከርከርን ይጠይቁ ነበር። ልጆች በመዳፋቸው ሲያሽከረክሩት እጃቸው እየተላጠ አቤቱታ ስለ ተነሣ፣ ኩባንያው በ2000 ከኒው ዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ የመከላከያ ጓንት ለማደል ቃል ገባ።

የአንዱን መሣሪያ ጠባይ በሌላው ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል። በ1999 መጀመሪያ የወጣው «አልትራ ኤች.ኤል.ኢ.» የኒንተንዶ 64 ጨዋታዎችን በግል ኮምፒዩተር ላይ አስኬደ። ብልሃቱም የእያንዳንዱን ቺፕ እንቅስቃሴ ከመከተል ይልቅ የትእዛዙን ፍሬ ነገር ተረድቶ በራሱ መንገድ መፈጸም ነበር። በዚህም ፍጥነት ተገኘ፤ ይሁን እንጂ የመሣሪያው እውነተኛ ጠባይ ስላልተከበረ በትክክል የሠሩት ጨዋታዎች ጥቂቶች ነበሩ።

ሕጉም የራሱን ድንበር አበጀ። በ2000 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሶኒና በኮኔክቲክስ ክርክር፣ ኢሙሌተር ለመሥራት ሲባል የመሣሪያውን ፕሮግራም ገልብጦ መመርመር የተፈቀደ ነው ሲል ወሰነ፤ ጨዋታዎቹን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛትን ግን አልፈቀደም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶ ያህሉ ከገበያ ጠፍተዋል። ይህም ሆኖ፣ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉትን ጨዋታዎች ለተመራማሪዎች በርቀት እንዲያቀርቡ የተጠየቀውን ፈቃድ የአገሪቱ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት በ2024 ሳይቀበል ቀረ።

«ማሪዮ ፓርቲ» ከዕድለኞቹ አንዱ ነው። በ2022 ባለቤቱ ራሱ በኢሙሌሽን አማካይነት በ«ስዊች» ላይ መልሶ አወጣው፤ ዘንጉን በመዳፍ እንዳያሽከረክሩ የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያም አከለበት። ፕሮግራሙ ያው ሲሆን እጁ ግን ሌላ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው፣ የመዝገብ ባለሙያ ሥራ ካርትሪጁን በመደርደሪያ ላይ በማኖር የማይፈጸም መሆኑን ነው። መቈጣጠሪያው፣ የአጨዋወቱ ልማድና ያስከተለው ጉዳት ጭምር አብረው ካልተመዘገቡ፣ የተቀመጠው ቅርስ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ይሆናል።